ሰው ያመሰገናት በቅሎ

ባለፈው ዓመት ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ጋምቤላ ወርጄ ነበር። ከገበያው ወደ ባሮ ድልድይ በባጃጅ ስንሄድ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደ። በጋውን ሙሉ ሲነድ የከረመ አፈር ውሃ ሲነካው የሚያወጣውን ሽታ የማይወድ ሰው አላውቅም። ወጣቱ ሾፌር ፍጥነቱን ቀንሶ፣ አንገቱን ወደ ውጭ አውጥቶ በረጅሙ ሳበና «እፎይ! ይሄን ሽታ በጠርሙስ ቢሸጡት እገዛ ነበር፤ አይደል እናቴ?» አለኝ። እኔ ግን ሳይታወቀኝ የነጠላዬን ጫፍ አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ነበር። ለእርሱ እፎይታ የሆነው ሽታ ለእኔ ጊዜ ማለቁን የሚያስታውቅ ሽታ ነው። በመንግሥት ሥራ ብዙ ዓመት አገልግዬ፣ ዓይኔ ስለደከመ ከጊዜዬ ቀድሜ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ ይህ ሽታ ትርጉሙን አልለወጠልኝም።

ያሳደገኝ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ይማም ነው። በድርቁ ዘመን ከወሎ ወደ ጋምቤላ ከመጡት ሰፋሪዎች አንዱ ነበር። አባቴና እናቴ በሰፈራው የመጀመሪያ ክረምት በወባ ሲሞቱ፣ ገና ጡት ያልጣልሁትን እኔን ተቀብሎ ያሳደገ እርሱ ነው። ባለቤቱ እትዬ ዘይነባ ስላልወለደች የሁለቱም ልጅ እኔው ሆንሁ። አያ ይማም እንደ ማንኛውም ሰፋሪ በቆሎና ማሽላ ያርስ ነበር፤ የልቡ ሥራ ግን ሌላ ነበር። ከአባቱ የወረሰው ሙያ በቅሎ ማሰገር ነው።

ሰጋር በቅሎ የሚሏት የአንድ ጎኗን የፊትና የኋላ እግር አብራ እያነሳች፣ ጀርባዋ ሳይነቀነቅ የምትሄደዋን ነው። ተቀማጩ እንደ ውሃ ሲፈስ እንጂ ሲናጥ አይታይም። አያ ይማም ክረምቱ ሲወጣ ወደ ጎሬ ደጋ ወጥቶ ገና ያልተገራች ወጣት በቅሎ ይገዛል፤ በቡሬ ቁልቁለት አድርጎ ያወርዳታል፤ በጋውን ሁሉ በባሮ ዳር አሸዋ ላይ ያሰግራታል። የቀኝ ፊት እግሯን ከቀኝ ኋላ እግሯ፣ ግራውንም እንዲሁ፣ በለሰለሰ ጠፍር ያያይዛቸዋል። መጀመሪያ ላይ ይህን ሳይ በቅሎዋ አንድ ጥፋት አጥፍታ የታሰረች መስሎኝ ነበር። የእስር ዘመኗ እንዲያልቅ እያልሁ የበቆሎ እሸቴን አካፍላት ነበር። ጠፍሩ ተፈትቶ እንኳ እግሮቿ እንደታሰሩ አብረው ሲሄዱ ግን ያስገርመኝ ነበር።

አሰጋገሯን ለገዢ የማሳይ እኔ ነበርሁ፤ ክብደቴ ቀላል፣ አቀማመጤም የረጋ ነው ይል ነበር። በጀርባዋ ተቀምጬ የማባዛት ሠንጠረዥ እቆጥራለሁ። «ድምፅሽ ከተንቀጠቀጠ ሰግራለች አልልም» ይለኛል አያ ይማም፣ ዓይኑን ጨፍኖ እየሰማ። በቅሎዋ ሶምሶማ ከገባች «ሰባት በሰባት» የሚለው ጉሮሮዬ ላይ ይቆራረጣል። ከሰገረች ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የማነብ ያህል ይፈስልኛል። በክፍሌ የማባዛት ሠንጠረዥ የሚወዳደረኝ ያልነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ንግዱ አንድ ጠላት ነበረው። ዝናቡ ሲገባ ሣሩ ያድጋል፤ ሣሩ ሲያድግ የቆላው ዝንብ ይፈላል፤ ዝንቡ የነደፋት የደጋ በቅሎ ገንዲ የሚባለው በሽታ ይይዛታል፤ ገንዲ የያዛት ብዙም አትቆይም። ስለዚህ በቅሎዋ ከዝናቡ በፊት ተሸጣ ወደ ደጋ በሚመለስ ወይም መድኃኒት በሚያገኝ ሰው እጅ መግባት አለባት። ትልልቆቹ ሲያወሩ «ገንዲ ሳይመጣ» ሲሉ ስለምሰማ፣ ገንዲ የረጠበ ጋቢ የለበሰ፣ በጫካው በኩል ከዝናቡ ጋር የሚመጣ አንድ ሰውዬ ይመስለኝ ነበር። ደመና ሲያጠቁር ከአጥሩ ወዲያ ያለውን መንገድ የምጠብቅ እኔ ነበርሁ።

የምነግራችሁ በጋ ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ብዙ ያልቆየበት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ አዲስ ቀለም የተቀባ ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። ቀድሞ የአያ ይማምን በቅሎዎች ይገዙ የነበሩት የጦር መኮንኖችና የመሀል አገር ሹማምንት ከነቤተሰባቸው ሄደዋል። ከሰፋሪዎችም ብዙዎቹ ወደ ወሎ መመለስ ጀምረው ነበር። ከሄዱት አንዱ ዘመዱን ሊወስድ ተመልሶ ሲመጣ ለአያ ይማም መልእክት አመጣለት፤ እናቱ በሕይወት አለች፣ ዓይኗ ግን ጠፍቷል። «የይማምን ድምፅ ሰምቼ ልሙት ትላለች» አለው።

አያ ይማም በዚያች ሌሊት አልተኛም። በማግሥቱ ሁለቱን ፍየሎቻችንንና የማሽላ እህሉን ሸጦ ወደ ጎሬ ወጣ። አንዲት ቡላ፣ አመድማ በቅሎ ብቻ ይዞ ወረደ። ያለውን ሁሉ በእርሷ ላይ አዋለ ማለት ነው። እርሷ ሰግራ ከተሸጠች ሦስታችንም ወደ ወሎ እንሄዳለን፤ ካልተሸጠች የመሳፈሪያ ገንዘብ የለንም። ይህን በሰፈሩ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ስሟን «አመዲት» አላት። ሲጠራት ሁልጊዜ እየነቀፈ ነው፦ «ነይ አንቺ አመዳም፣ ሆድሽ የማይሞላ!» ከሰው ዓይን ሊጠብቃት ነበር፤ ያለ «ማሻ አላህ» የወጣ ምስጋና ዓይን ይሆናል ይላል። እርሱ ራሱ እንኳ አንዲት የምስጋና ቃል ሲያወጣ አልሰማሁም። እኔም ረስቼ «እንዴት ታምራለች!» ስል «ማሻ አላህ በይ!» ብሎ ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርጎኛል።

ይህ ጠባይ የገበያው ደንብም ነበር። የእውነት ገዢ ይሰድባል። ዲማ ላይ ወርቅ የሚገዛ ኸድር የሚባል ነጋዴ አመዲትን ሊያይ የመጣ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ለመስማት ተሰብስቦ ነበር።

«ይቺን ነው ሰጋር የምትላት?» አለ ኸድር ዙሪያዋን እየዞረ። «ጆሮዋ ከጃንጥላዬ ይበልጣል!»

«ጥላ ትሆንሃለቻ!» አለ አያ ይማም። «የዲማ ፀሐይ ቀላል ነው?»

«እግሯ የፍየል እግር ነው።»

«ፍየል አይደለች ገደል የምትወጣው?»

ኸድር ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን አየ። «ኧረ ይቺ እኩያዬ ናት! አብረን ነው የተገረዝነው።»

«እንዲያ ከሆነ አንተም ገና ጎረምሳ ነህ፣ ሚስት እንፈልግልሃለን!»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ተቀምጬባት ሠንጠረዤን ቆጠርሁ፤ ኸድር «ልጅቷ ጥሩ ትቆጥራለች፣ በቅሎዋ ግን የእንቁራሪት አካሄድ ነው ያላት» ብሎ፣ ከዲማ ሲመለስ እንደሚነጋገሩ ተናግሮ ሄደ። ዋጋ አልቆረጠም። የአያ ይማም ፊት ግን እንደ ሠርገኛ በርቶ ነበር።

«ሰማሽ ዘይነባ? እንዲህ አድርጎ የሰደባት ሳይገዛት አይቀርም!»

ቲቸር ጋትሉዋክ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኑዌር ነው፤ ግንባሩ ላይ የጎልማሳነቱ መስመሮች ከጆሮ እስከ ጆሮ ተሰምረዋል። ቀድሞ አስተማሪ ስለነበር ሁላችንም «ቲቸር» እንለው ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን በየመንደሩ ያሉትን ትምህርት ቤቶች እየዞረ የሚቆጣጠር ሆኖ ተሾመ። ብስክሌት ተሰጥቶት ነበር። እኔ ያየሁት ግን አብዛኛውን ጊዜ ብስክሌቱን ሲገፋት ነው፤ የግራሩ እሾህ ጎማዋን አያስተርፈውም።

ከባሮ ዳር ስንመለስ መንገድ ላይ አገኘን። እኔ ስምንት በዘጠኝ ላይ ነበርሁ። ብስክሌቱን ዛፍ ላይ አስደግፎ ቆመና እስክናልፍ ተመለከተን፤ ከዚያ ከኋላችን ተከትሎ በራችን ድረስ መጣ።

«አባባ፣ ይሄ በቅሎ ያንተ ነው?»

«የአላህ ናት» አለ አያ ይማም።

«ቆንጆ ነው! እንደዚህ ዓይነት አይቼ አላውቅም። መሬት አይረግጥም፤ ይዋኛል! አንገቱን እይ፣ ልክ እንደ ባሮ መታጠፊያ ነው!»

አያ ይማም ልጓሙን ወደ ራሱ ሳበ። «ምን ቁንጅና አላት! አመድ ናት። ትራገጣለች። አትጠግብም።»

ቲቸር ጋትሉዋክ በጣም ሳቀ። «አይ አባባ! የራስህን ልጅ እንዲህ ትላለህ?» አለና ሁለት ረጃጅም እጆቹን ከራሱ በላይ አነሣ። ኑዌሮች በሬያቸውን ሲያወድሱ በእጃቸው የቀንዱን ቅርጽ እንደሚሠሩ አይቻለሁ፤ እርሱ ግን የበቅሎዋን ጆሮ ሠራ። እኔ ደስ ብሎኝ ሳቅሁ። አያ ይማም «ውረጂ! አስገቢያት!» ብሎ ሲጮህ ነው የደነገጥሁት።

ሰውየው ከሄደ በኋላ አያ ይማም በበቅሎዋ ግንባር ላይ እትፍ እትፍ አለ፤ አመድ አምጥቶ ጀርባዋን አለበሳት።

«ምናልባት ሊገዛ ፈልጎ ይሆናል እኮ» አለችው እትዬ ዘይነባ።

«ገዢ? ገዢ ያመሰግናል? ወርቅ ነው ብሎ ወርቅ የገዛ የት አገር አየሽ?»

«ደመወዝተኛ ነው፤ መንገዱም ሩቅ ነው።»

«‹ማሻ አላህ› እንኳ አላላትም፣ ዘይነባ! ዓይኑን አላየሽም? ከእግሯ እስከ ጆሮዋ ዋጣት እኮ!»

በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ዓይኑን ለማየት ቆርጬ ጠበቅሁት። ከዓይን የሚወጣ ነገር ካለ እንደ ጭስ ወይም እንደ ክር ይታያል ብዬ ነበር። የመንገድ አቧራ ካቀላው የዓይኑ ነጭ በቀር ምንም አላየሁም። በትከሻው አንድ ሸክም እርጥብ ሣር ይዞ ነበር፤ ከየት እንዳገኘው አላውቅም፣ በዚያ ወራት ሁሉ ነገር ደርቋል።

«ለእሱ ነው» አለ ሣሩን እያስቀመጠ። «ውሃ ይሻገራል? ከዚህ እስከ አቦቦ በአንድ ቀን ይደርሳል? ረጅም ሰው ይችላል? እኔን እይ አባባ፣ እግሬ መሬት ይነካል እንዴ?»

ዛሬ ሳስበው ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ እንኳ የሥራ ፈት ጥያቄ አልነበረም። በመካከላቸው ግን «ቆንጆ»፣ «እንደ ጨረቃ»፣ «የአባቴ በሬ እንኳ እንደዚህ አይራመድም» የሚሉ ቃላት ገብተው ነበርና አያ ይማም የሰማው እነርሱን ብቻ ነው። «ትሻገራለች፤ ትደርሳለች» እያለ በአጭር በአጭሩ መለሰለት። እግሩ ሲወጣ ሣሩን አንሥቶ ለጎረቤት አህያ ሰጠው።

በዚህ መካከል ኸድር አልተመለሰም። አያ ይማም ከዲማ የሚመጣ ሰው ሲያገኝ ሁሉ ይጠይቅ ነበር። በመጨረሻ አንድ ወርቅ ቆፋሪ፣ ኸድር በሚዛን በኩል በመኪና ወደ መሀል አገር መውጣቱን ነገረው። አያ ይማም «ሰድቧት ነበር እኮ» ብቻ አለ፤ እንደ ተበደለ ሰው።

ሙቀቱ ትንፋሽ የሚያሳጥርበት፣ ከሰዓት በኋላ ደመና የሚሰበሰብበት ወቅት ደረሰ። ቲቸር ጋትሉዋክ ለሦስተኛ ጊዜ የመጣው ያኔ ነው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ብስክሌቷን አልያዘም። አመዲት ፊት ቆመና በቋንቋው ዜማ ጀመረ። ድምፁ ወፍራም፣ ቀስ ያለ ነበር። ቃሉ ባይገባኝም በመካከሉ «አመዲት» የሚለውን ስሟን ስሰማ ጠጉሬ ቆመ። በቅሎዋ ጆሮዋን ወደ እርሱ አዙራ ቀጥ አለች። እትዬ ዘይነባ ወንፊቷን ይዛ ከቤት ወጥታ ቆመች።

ዜማው ሲያልቅ «አባባ፣ ዛሬ መነጋገር እንችላለን» አለ።

አያ ይማም ግን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ምንም ንግግር የለም» አለ። «ተሸጣለች።»

«ተሸጧል?»

«አዎን። ባለቤት አላት። ሊወስዳት ይመጣል።»

ቲቸር ጋትሉዋክ እጁን ዘርግቶ የአመዲትን አንገት አንዴ ዳሰሰና «እሺ። ገዢውን እንኳን ደስ አለህ በለው» ብሎ ወጣ። ደጃፋችን ዝቅተኛ ስለነበር ጎንበስ ብሎ ሲወጣ፣ ትከሻው ከመጣበት ጊዜ ያነሰ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ዝናብ በዚያው ሳምንት ጣለ። ሽታው በአጥሩ በኩል ሲገባ አያ ይማም ከመደቡ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ እስኪያባራ አልተቀመጠም። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በኩበት ጭስ ውስጥ ያለፈ ነው። ዝንቡን ለማባረር ጠዋት ማታ አጨስን፤ ዓይናችን አበጠ፤ ልብሴ ሸትቶ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ አብሬያቸው እንዳልቀመጥ ከለከሉኝ። ወደ ደጋ መልሶ ሊያወጣት አስቦ ነበር፤ ግን «ነገ ገዢ ቢመጣስ?» እያለ ቀን ገፋ። አንድ ጠዋት ስቀመጥባት፣ ሦስት በአራት ላይ ሳለሁ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። አያ ይማም ዓይኑን ገለጠ። በብብቴ ይዞ አወረደኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አልተቀመጥሁባትም።

ጠጉሯ ቆመ፤ ዓይኗ ያለቅሳል፤ እየበላች ትከሳለች። አያ ይማም ለመርፌው ወደ ከብት ሐኪሙ ዘንድ ቢመላለስም መድኃኒቱ ከመሀል አገር አልደረሰም ነበር። እኔ የረጠበ ጋቢ የለበሰውን ሰውዬ ስጠብቅ እርሱ የሚያጉረመርመው ሌላ ስም ነበር፦ «በላት። ያ ሰው በላት።» አመዲት በአንድ ዝናባማ ጠዋት ከግርግሙ ሥር ተኝታ አልተነሣችም።

ቲቸር ጋትሉዋክ ወሬውን ሰምቶ ለልቅሶ መጣ። ለበቅሎ ልቅሶ የሚመጣ ሰው በእኛ ዘንድ አልታየም ነበር። ከደጃፉ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ሰማሁ፣ አባባ። ልቤ አዝኗል» አለ። አያ ይማም ሰላምታውን አልመለሰም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። እትዬ ዘይነባ አፍራ ውሃ አቀረበችለት።

«ገዢውም በጣም ያዝናል» አላት ውሃውን እየተቀበለ። «ማን ነበር?»

እትዬ ዘይነባ መዋሸት አትችልም ነበር። «ኧረ ምን ገዢ አለ ብለህ፣ ልጄ። አልተሸጠችም ነበር።»

ቲቸር ጋትሉዋክ ብርጭቆውን ሳይጠጣ አስቀመጠ። «እኔ እኮ ሁለት በሬ ሸጬ ነበር» አለ በዝግታ። «አባቴ ተቆጥቶኛል። በሬ ሸጦ በቅሎ የሚገዛ እብድ ነው ብሎኛል።»

አያ ይማም ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። «ምን አልህ?»

«ለእሱ ነበር። ለበቅሎው።»

«አንተ ሰው! መቼ ነው እገዛለሁ ያልኸኝ?»

«ሦስት ቀን መጣሁ፤ ሦስቱንም ቀን አመሰገንኩት። ሰው የማይፈልገውን ከብት ያመሰግናል?»

«አንድ ጉድለት ስትናገር አልሰማሁህም!»

«በሰው ቤት ገብቼ የሰው ከብት ልስደብ?» ቲቸር ጋትሉዋክ የምር ደንግጦ ነበር። «እንዴት ብዬ፣ አባባ? እንደዚያ ካደረግሁ ትሸጥልኛለህ?»

አያ ይማም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ሰውየውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ አየው፤ እትዬ ዘይነባን አየ፤ መሬቱን አየ። እንግዳው ውሃውን ጠጥቶ ተነሣ። አያ ይማምም ተነሥቶ በዝናቡ ውስጥ እስከ ትልቁ መንገድ ሸኘው።

አያ ይማም እናቱን ዳግመኛ አላያትም። ዛሬም የሚቆጨኝ፣ ሁለቱም ሰዎች የሚያውቁትን ጨዋነት በሙሉ አክብረው መቆየታቸው ነው።

መንገዱ በጭቃ ከመዘጋቱ በፊት ወደ ወሎ የሚመለሱትን ሰፋሪዎች የያዘው የመጨረሻው መኪና ከገበያው ዳር ተነሣ። እኛ ሦስታችን ለመሸኘት ሄድን። የእናቱን መልእክት ያመጣው ሰው ዕቃ ላይ ተቀምጦ ወደ ታች ጎንበስ አለና «ይማም፣ ምን ልበልልህ?» አለው።

«በቅሎ እየሸጠ ነው፤ ሸጦ ይመጣል በላት።»

ሰውየው የአመዲትን ነገር ያውቅ ነበር።  «ትጠይቀኛለች እኮ» አለ ሰውየው። «የበቅሎ አሰጋሪ ሚስት ነበረች። ምን ዓይነት ናት ብትለኝስ?»

አያ ይማም የመኪናውን ሳንቃ ያዘ። ሞተሩ ተነሥቶ ስለነበር ድምፁን ከፍ አደረገ፤ በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ይሰማው ነበር።

«ቡላ ናት በላት። አንገቷ ረጅም ነው፣ እንደ ወንዝ መታጠፊያ። በጀርባዋ ተቀምጠህ ብታወራ ድምፅህ አይሰበርም፤ መሬት አትረግጥም፣ ትዋኛለች። ቆንጆ ናት በላት። አባቴ እንኳ እንዲህ ያለች አላሰገረም በላት!»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። አያ ይማም እጁን ከሳንቃው አነሣ። «ማሻ አላህ» አላለም።